መብራታችን ጭስ ባይኖረውም እንለካው

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በስልክ ሲዘዋወር ነበር። ሦስት ጓደኞቼ በተለያየ ቀን ላኩልኝ። ርዕሱ «የእኛ መብራት ጭስ የለውም፤ ምኑን እንለካለን?» ይላል። የጸሐፊው ሐሳብ ባጭሩ ይኸው ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ከውኃ ይመነጫል፤ ስለዚህ የካርቦን ልቀቱ ዜሮ ነው። በዚህ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ድርጅትም ሆነ የሚሄድ መኪና ልቀቱ ዜሮ ነው። መብራት ብንቆጥብም ባንቆጥብም ለአየር ንብረቱ ለውጥ የለውም። ልቀት መለካት የድንጋይ ከሰል የሚያነዱ ሀብታም አገሮች ጉዳይ ነው፤ ውድ መሣሪያ ይፈልጋል፤ ለእኛ ከወጪ በቀር ትርፍ የለውም።

ምላሽ የምጽፈው ጽሑፉን ንቄው አይደለም። ብዙ ሰው ያነበበው፣ ብዙ ሰውም «እውነት ነው» ያለው ስለሆነ ነው። የእኔ ሥራ የሕንፃ አስተዳደር ነው። የመብራት ሒሳብ የምከፍለውም፣ የጄኔሬተር ናፍጣ የማስገዛውም እኔ ነኝ። ስለዚህ ጉዳዩን በየቀኑ አየዋለሁ።

መጀመሪያ የምንስማማበትን ልናገር። መብራታችን በዓለም ንጹሕ ከሚባሉት አንዱ ነው። የዓለምን የአየር ንብረት ጥናቶች የሚመረምረው አይፒሲሲ በፈረንጆቹ 2014 ባወጣው ዘገባ፣ ከድንጋይ ከሰል የሚመነጭ አንድ ኪሎዋት ሰዓት መካከለኛ ልቀቱ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሰላ 820 ግራም ነው። ከተፈጥሮ ጋዝ ሲሆን 490፣ ከውኃ 24፣ ከነፋስ 11 ነው። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ጸሐፊው በዚህ መኩራታቸው ተገቢ ነው፤ እኔም እኮራለሁ።

ግን 24 ዜሮ አይደለም።

ጸሐፊው «ተርባይን ሲዞር ምን ጭስ አያችሁ?» ይላሉ። ጭስ አይታይም፤ ልክ ነው። ልቀት ግን በጭስ ማውጫ ብቻ አይወጣም። የግድቡ ሲሚንቶ ፋብሪካ ውስጥ በእሳት ተቃጥሎ ነው ሲሚንቶ የሆነው። ብረቱም እንዲሁ። ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ደግሞ ከሐይቁ ሥር ነው ያለው። ውኃው ሲሞላ ሣሩን፣ ቅጠሉን፣ ግንዱንና አፈሩን ይውጣል። ያ ሁሉ እዚያው ይበሰብሳል። ኦክስጅን በሌለበት ሲበሰብስ ሚቴን የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ሚቴን በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ያሞቃል። 24 ያልኩት መካከለኛው ቁጥር ነው። በዚያው ዘገባ የውኃ ኃይል ከፍተኛው ቁጥር 2,200 ግራም ደርሷል፤ ከድንጋይ ከሰሉ በእጥፍ ይበልጣል።

ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ብራዚል ያለው የባልቢና ግድብ ነው። አማዞን ደን ውስጥ 2,360 ካሬ ኪሎሜትር ገደማ መሬት አጥለቅልቆ አቅሙ 250 ሜጋዋት ብቻ ነው። ሐይቁ ሰፊ፣ መብራቱ ትንሽ፣ ከሥር የዋጠው ደን ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ።

የእኛዎቹ እንደዚያ አይደሉም። ግን ምን ያህል አይደሉም? አገሮች ልቀት ለመቀነስ በተስማሙበት በኪዮቶ ስምምነት ሥር የነበረው የካርቦን ሽያጭ ሥርዓት ለግድብ አንድ ቀላል መመዘኛ ነበረው። የማመንጫውን አቅም በዋት ወስዶ ለሐይቁ ስፋት በካሬ ሜትር ያካፍለዋል። ውጤቱ ከ10 በላይ ከሆነ የሐይቁ ልቀት ዜሮ ተብሎ ይያዛል። ከ4 እስከ 10 ከሆነ በኪሎዋት ሰዓት 90 ግራም ይታሰብበታል። ከ4 በታች ከሆነ ግድቡ ጭራሽ አይመዘገብም።

እስቲ እናስላው። ግልገል ጊቤ ሦስት 1,870 ሜጋዋት ነው፤ ሐይቁ 200 ካሬ ኪሎሜትር አካባቢ ይሆናል። ሲካፈል 9 ገደማ ይመጣል። ሕዳሴ 5,150 ሜጋዋት ነው፤ ንጋት ሐይቅ ሲሞላ 1,874 ካሬ ኪሎሜትር ይሸፍናል። ሲካፈል 2.75።

እዚህ ላይ ደርሶ «ሕዳሴ በካይ ነው ልትል ነው?» ብሎ የሚቆጣ ይኖራል። አላልኩም። መመዘኛው ግምታዊ ነው። የሐይቁን ጥልቀት አያይም። ውኃው ከመያዙ በፊት የተመነጠረውን ደን አያይም። ጉባ አማዞን እንዳልሆነም አያውቅም። እኔ የሕዳሴ ቦንድ ገዝቻለሁ፤ ከደሞዛቸው ሲቆረጥ ከከረሙት አንዱ ነኝ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብዬ አልቅሻለሁ። ግድቡ የእኔ ስለሆነ ነው የሚያሳስበኝ። ነገ አንድ የውጭ ሰው መጥቶ ይቺን 2.75 ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጥ «አይ፣ የእኛ ዜሮ ነው» ብንለው አይሰማንም። ሐይቁ ላይ ተለክቶ የመጣ ቁጥር ብናሳየው ግን ይሰማል። ከውኃው ወለል የሚወጣውን ጋዝ በተንሳፋፊ ሳጥን ሰብስቦ መለካት በብዙ አገር የሚሠራበት ዘዴ ነው። የግድቡ ዓመታዊ ምርት በዕቅዱ ወደ 15,700 ጊጋዋት ሰዓት ነው። በአንድ ኪሎዋት ሰዓት 1 ግራም ብቻ ብንሳሳት በዓመት 15,700 ቶን ተሳሳትን ማለት ነው። እንዲህ ላለ ቁጥር ግምት አይበቃም።

ደግሞም ዋናው መስመር ላይ የሚገባው ሁሉ ከውኃና ከነፋስ አይደለም። ቆሼ ላይ የተሠራው የደረቅ ቆሻሻ ማመንጫ 25 ሜጋዋት አቅም አለው። ፕላስቲክ ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ከነዳጅ ዘይት የመጣ ነው። ያው ቆሻሻ ሳይነድ ቢቀር ኖሮ ክምሩ ውስጥ ሆኖ ሚቴን ያወጣ ነበር፤ ስለዚህ ማቃጠሉ ጥፋት ነው ማለቴ አይደለም። ሒሳቡ ውስጥ ይግባ ነው የምለው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ጸሐፊው «የአገሪቱ መብራት ንጹሕ ከሆነ የተጠቃሚውም ፍጆታ ንጹሕ ነው» ብለዋል። እኔ በጣም የማልስማማው እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱም እኛ የምንጠቀመው የዋናውን መስመር መብራት ብቻ አይደለም።

በማስተዳድረው ሕንፃ ምድር ቤት አንድ ባለ 100 ኬቪኤ (80 ኪሎዋት ገደማ) ጄኔሬተር አለ። ከጎኑ ሁለት ቢጫ ጄሪካን፣ አንድ ማጥለያ፣ አንድ በዘይት የጠቆረ ጨርቅ። ግድግዳው ላይ በሲባጎ የተንጠለጠለ ሰማያዊ ደብተር አለ። ደብተሩን የያዙት የጥበቃ ሠራተኛችን ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። በማስመሪያ አራት ዓምድ አስምረውበታል። ቀን፣ የጠፋበት ሰዓት፣ የመጣበት ሰዓት፣ ናፍጣ በሊትር። መብራት እንደጠፋ መጀመሪያ ሰዓታቸውን ያያሉ፣ ከዚያ ነው ሞተሩን የሚያስነሡት። አንዱ ገጽ ላይ የናፍጣ ጣት አሻራ አለ፤ ቁጥሩ ግን ይነበባል።

ያ ጄኔሬተር በግማሽ ጭነት ሲሠራ 40 ኪሎዋት ያህል ይሰጠናል፤ በሰዓት 12 ሊትር ገደማ ናፍጣ ይጠጣል። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። በሰዓት 32 ኪሎ መሆኑ ነው። ለ40 ሲካፈል በአንድ ኪሎዋት ሰዓት 800 ግራም። ከድንጋይ ከሰሉ ጋር ጎን ለጎን ቆመ ማለት ነው። አዲስ አበባ መሃል፣ ንጹሕ መብራት ባለበት አገር።

ቀጥሎ ያለውን ስሌት መጀመሪያ ስሠራው እኔም ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ ደግሜ ሠርቼዋለሁ። ሕንፃው ከ100 ሰዓት ውስጥ 97ቱን በመስመር መብራት፣ ሦስቱን ብቻ በጄኔሬተር ቢሠራ፣ ሦስቱ ሰዓት የሚያወጡት ልቀት 97ቱ ሰዓት ተደምረው ከሚያወጡት ይበልጣል። 97 ሲባዛ በ24 ወደ 2,330 ነው። 3 ሲባዛ በ800 ደግሞ 2,400። የሕንፃው አማካይ ከ24 ተነሥቶ 47 ይገባል። ሦስት ሰዓት ብቻ እጥፍ አደረገው።

ጸሐፊው ይህን ሊያዩት ያልቻሉት የመብራት ሒሳብ ወረቀቱን ብቻ ስላዩ ይመስለኛል። ወረቀቱ ላይ ጄኔሬተር የለም። በብዙ መሥሪያ ቤት ናፍጣው የሚመዘገበው ከመኪና ነዳጅ ጋር ተደባልቆ ነው። በዓለም አቀፉ የልቀት አቆጣጠር ደንብ ድርጅቱ ራሱ የሚያቃጥለው ነዳጅ አንደኛው ክፍል ውስጥ ይገባል፤ ገዝቶ የሚጠቀመው ኤሌክትሪክ ሁለተኛው ክፍል ውስጥ። አንድ ድርጅት ሁለተኛውን ክፍል ብቻ አውጥቶ «ልቀቴ ወደ ዜሮ የተጠጋ ነው» ካለ፣ ያወራው ስለ ግማሽ ቤቱ ነው።

ወደ መኖሪያ ቤትም እንግባ። እናቴ ቤት መብራት ሲሄድ ወጡ ከሰል ላይ ይወጣል። ምጣዱ ተጥዶ ሊጥ ሲፈስበት መብራት ከጠፋ ደግሞ የማገዶው ምጣድ ከጓሮ ይመጣል። የከሰሉ ጭስ ቤት ውስጥ የሚታየው ትንሹ ነው። አንድ ኪሎ ከሰል ለማክሰል ብዙ ኪሎ እንጨት ይቃጠላል፤ ያም የሚሆነው እኛ በማናየው ገጠር ነው። የተቆረጠው ዛፍ ካልተተካ ያ ካርቦን ተመልሶ የሚያዝበት ቦታ የለም። መብራት የጠፋበት ሰዓት በሙሉ ቢመዘገብ፣ በየሰፈሩ ምን ያህል ከሰል እንደሚያስነድድ መገመት ይቻል ነበር። መብራት እንዳይቆራረጥ መስመር ለማደስ ገንዘብ ለሚጠይቅ መሥሪያ ቤትም ይህ ትልቅ ማስረጃ ይሆነው ነበር።

መስመር ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ግድቡ ላይ የመነጨው ሁሉ ቤት አይደርስም። መንገድ ላይ ይባክናል። ከ100 ኪሎዋት ሰዓት 20ው ቢባክን፣ ግድቡ ላይ 24 የነበረው ቆጣሪያችን ላይ ሲደርስ 30 ይሆናል። የምንለካው ማመንጫው በር ላይ ነው ወይስ ቆጣሪው ላይ? ጸሐፊው አልለዩትም።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ያሉትን በደስታ ነው ያነበብኩት፤ እዚህ ብዙም አልጣላቸውም። መንግሥት በፈረንጆቹ 2024 የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከወሰነ ወዲህ ከተማው ተቀይሯል። ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና 100 ኪሎሜትር ለመሄድ 15 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይወስዳል። በውኃ መብራት 360 ግራም ልቀት ነው። 7 ሊትር ቤንዚን የሚጠጣ መኪና ለዚያው መንገድ 16 ኪሎ ያወጣል። ባትሪው ሲመረት 4 ቶን ልቀት ነበረው ብንል እንኳ ወደ 25,000 ኪሎሜትር ሲነዳ ይካካሳል። ታክሲ የሚሠራ ሰው ይህን በአንድ ዓመት አካባቢ ይጨርሰዋል።

«ዜሮ» የሚለው ግን እዚህም አያስኬድም። መብራት ጠፍቶ በጄኔሬተር የሚሞላ መኪና ለዚያው 100 ኪሎሜትር 12 ኪሎ ያወጣል። ጄኔሬተሩ ትልቅ ሆኖ ጭነቱ ትንሽ ከሆነ ነዳጅ ያባክናል፤ ያኔ ከቤንዚን መኪናው ሊብስ ይችላል። የእኛም ሕንፃ ምድር ቤት ሁለት መኪኖች ይሞላሉ። ባለቤቶቹን ለምኜ መብራት ሲሄድ ገመዱን እንዲነቅሉ ተስማምተናል። አንዱ መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር። ስሌቱን ሳሳየው ራሱ ነቀለው።

«ብንቆጥብም ባንቆጥብም ለውጥ የለውም» ለሚለው መልሴ ውኃው ነው። ግድብ ማለት ጎተራ ነው። ቀን ያልተጠቀምንበት ውኃ ለማታ ይቀመጣል፤ ዛሬ ያልተጠቀምንበት ለበጋ። ግንቦት 2011ን ያስታውሱ። የግልገል ጊቤ ሦስት ውኃ ወርዶ ፈረቃ ገባን፤ ወደ ሱዳንና ወደ ጅቡቲ የሚላከው ኃይልም ተቋረጠ። ያኔ አገር ውስጥ ጄኔሬተሮች ሲያጓሩ ከረሙ። ጅቡቲም ቢሆን ከእኛ መስመር ሲጎድልባት የምትዞረው ወደ ነዳጅ ማመንጫዎቿ ነው። እኛ የቆጠብነው አንድ ኪሎዋት ሰዓት ድንበር ተሻግሮ እዚያ ነዳጅ ከተካ፣ ከግማሽ ኪሎ በላይ ልቀት አስቀረ ማለት ነው። በእኛ ቆጣሪ 24 ግራም የምንለው፣ ጅቡቲ ላይ ዋጋው ከ20 እጥፍ በላይ ነው።

በእርግጥ ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። ክረምት ሲወጣ ሐይቁ ሞልቶ ውኃው በማስተንፈሻው ሲፈስ፣ የቆጠብነው ያው ይፈሳል። መስመሩም የሚሸከመው የተወሰነ ነው። ግን ከእነዚህ ሁለቱ የትኛው እንደሆነ በየሰዓቱ ካልተለካ አይታወቅም። ቢትኮይን የሚባለውን የኮምፒውተር ገንዘብ ለሚያመርቱ ማሽኖች የሚሸጠውን ኃይል በተመለከተም ክርክሩ የሚፈታው በዚሁ ነው። የሚወስዱት ሊፈስ የነበረ ውኃ ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ ለማታ ሊቀመጥ ወይም ለጎረቤት ሊሸጥ የሚችል ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱም ወገን አሁን የሚከራከረው ሰዓቱን ሳይዝ ነው።

«የሀብታም አገሮች ጣጣ ነው» የሚለው ላይ የጸሐፊውን ቁጭት እጋራለሁ። አፍሪካ በሙሉ ተደምራ ከዓለም ልቀት ድርሻዋ 4 በመቶ ገደማ ነው። በደለኛው ሌላ፣ ድርቁ የሚመታው እኛን። ይህ ያናድዳል። ነገር ግን መለካትን ለእነሱ ከተውነው ቁጥራችንን የሚጽፉት እነሱ ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት ከፈረንጆቹ 2026 ጀምሮ ከውጭ በሚገቡ ሲሚንቶ፣ ብረት፣ አሉሚኒየም፣ ማዳበሪያ፣ ሃይድሮጂንና ኤሌክትሪክ ላይ የካርቦን ክፍያ ጀምሯል። አምራቹ የተለካ ቁጥር ካላቀረበ ከፍ ተደርጎ የተቀመጠ ግምታዊ ቁጥር ይወሰድበታል። እኛ ዛሬ ከእነዚህ ብዙ አንልክም። አሠራሩ ግን ወደ ሌላውም እየሄደ ነው፤ ትልልቅ የልብስ ገዢዎች አቅራቢዎቻቸውን የልቀት ቁጥር ይጠይቃሉ። ንጹሕ መብራት ያለው አገር በዚህ ገበያ ላይ ቀዳሚ መሆን ሲገባው፣ ማስረጃ ስላልያዘ ከሌላው ጋር አብሮ መገመቱ ያሳዝነኛል።

ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ ሱስዋ የሚደርሰው መስመር 1,045 ኪሎሜትር ርዝመት አለው። 2,000 ሜጋዋት መሸከም ይችላል። ኬንያ ከፈረንጆቹ 2022 ጀምሮ ኃይል እየገዛችበት ነው። ንጹሕነት የዕቃችን አንዱ ጥራት ነው። ቡና ስንልክ ደረጃው ተመርምሮ ወረቀት ይያዝለታል፤ «ቡናችን ጥሩ ነው» ብለን ብቻ አንጭነውም።

ስለ ውድ መሣሪያው ብዙ አልልም። ለሐይቅ ሚቴን መሣሪያ ያስፈልጋል። ለተቀረው የሚያስፈልገው ቆጣሪ ማንበብ፣ ናፍጣ በሊትር መጻፍና ማባዛት ነው። የካርድ ቆጣሪ ያለው ሰው ሁሉ የመጀመሪያውን ቁጥር ይዟል።

ጋሼ ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ «ለምንድን ነው ደብተሬን ፎቶ የምታነሣው?» ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ማክሰኞ ዕለት ወርጄ ሳይ አምስተኛ ዓምድ አስምረዋል። ጄኔሬተሩ ላይ ያለውን ቆጣሪ ሲነሣና ሲቆም እያነበቡ ኪሎዋት ሰዓቱን ይጽፉበታል። ሦስት መስመር ሞልቷል።